ስንቅ የያዘ ፕሮግራም፦ ኮምፓይለር ተነጣጥለው የተጠናቀሩ ክፍሎችን የሚያገኝበት መንገድና ከወለጋ የሚገኘው ትምህርት

መግቢያ

ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ መጋቢት ወር ማብቂያ፣ ለሦስት ወራት ገደማ፣ የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎች ከግንኙነት መረብ ተለይተው ቆይተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በወቅቱ እንደገለጸው በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔት ተዘግቶ የሞባይል ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ይህ ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋረጠ። እነዚህ መቋረጦች በቤተሰብ፣ በንግድና በጤና አገልግሎት ላይ ያስከተሉት ጉዳት በየመድረኩ ተነሥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ከዚያ ሁሉ ጠባብ የሆነውን አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሶፍትዌር ሥራ ከመረብ ሲለይ ለምን እንደሚቆምና መቆሙ ግዴታ ስላለመሆኑ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነቀምቴ ላይ የጀመረውን የመመረቂያ ፕሮጀክት ከቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አርጆ ሄደ እንበል። አርጆ የጅማ አርጆ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከነቀምቴ በስተደቡብ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ተማሪው የጻፈው ምንጭ ኮድ አንድ መስመር አልጎደለም፤ ኤሌክትሪክ አለ፤ ኮምፓይለሩም በላፕቶፑ ላይ ተጭኗል። ኢንተርኔት ግን የለም። ፕሮግራሙን ለማጠናቀር ሲሞክር የሚያገኘው መልስ ደጋግሞ አንድ ይሆናል፦ «የተጠቀሰው ክፍል አልተገኘም።»

ብዙዎች ይህን መልስ ሲያዩ ጥፋቱን በኢንተርኔት መጥፋት ላይ ይጥላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። ኮምፓይለር በተፈጥሮው ኢንተርኔት የሚፈልግ መሣሪያ አይደለም፤ የሚፈልገው በተነገረው ቦታ የተቀመጠ ፋይል ነው። ስለዚህ እንደ ወለጋ ባሉ አካባቢዎች የሚሠራ ፕሮጀክት የሚደገፍባቸውን ክፍሎች በሙሉ ይዞ መገኘት አለበት፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን የመመረቂያ ፕሮጀክት መመዘኛ አድርገው ሊወስዱት ይገባል።

ተነጣጥሎ መጠናቀር ከየት መጣ?

አንድ ትልቅ ፕሮግራም በአንድ ፋይል ተጽፎ በአንድ ጊዜ አይጠናቀርም። በክፍል በክፍል ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተጠናቅሮ ይቀመጣል፤ ሌላው ክፍል ሲፈልገው በስሙ ይጠራዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በአንድ ክፍል ላይ ለውጥ ሲደረግ ሌላውን ሁሉ እንደገና ማጠናቀር አያስፈልግም፤ አንድ ሰው የሠራውን ክፍል ሌላው ሰው ምንጩን ሳያይ እንኳ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሐሳቡ ከኮምፒዩተር ታሪክ መጀመሪያ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር የራሱ የንዑስ ፕሮግራሞች ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ንዑስ ፕሮግራሞቹ በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ተመዝግበው በመሳቢያ ይቀመጡ ነበር፤ ፕሮግራም አዘጋጁ የሚፈልገውን ጥቅልል አውጥቶ በራሱ ጥቅልል ላይ ያስገለብጣል። ዊልክስ፣ ዊለርና ጊል ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1951 በመጽሐፍ አሳትመውታል። በቀጣዩ ዓመት ግሬስ ሆፐር ለዩኒቫክ ኮምፒዩተር ያዘጋጀችው ኤ-ዜሮ የተባለው ሥርዓት ይህን የመፈለግና የመገልበጥ ሥራ ለራሱ ለኮምፒዩተሩ ሰጠ። ፕሮግራም አዘጋጁ የንዑስ ፕሮግራሙን መለያ ይጽፋል፤ ማሽኑ ከማግኔት ቴፕ ላይ ፈልጎ አግኝቶ በቦታው ያስገባዋል። ኮምፓይለር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ የመሰብሰብ ሥራ ነው። በአማርኛ «ማጠናቀር» የሚለው ቃልም ተበታትኖ ያለውን ሰብስቦ አንድ ማድረግ ማለት በመሆኑ ከጥንቱ ትርጉም ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሁለተኛው ፎርትራን ደግሞ ንዑስ ፕሮግራሞች ለየብቻ ተጠናቅረው ኋላ እንዲገናኙ አስቻለ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሆፐር ማሽን ሊያገኝ የሚችለው ቴፑ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም ይህ ግን አልተለወጠም።

ኮምፓይለሩ እንዴት ይፈልጋል?

አንድ ኮምፓይለር ሌላ ክፍል በስም ሲጠራለት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ስሙ የትኛውን ፋይል ያመለክታል? ፋይሉ በየትኞቹ ፎልደሮች በየትኛው ቅደም ተከተል ይፈለጋል? የተገኘው ፋይልስ ለአሁኑ ሥራ የሚስማማ ነው?

በመጀመሪያው ጥያቄ ቋንቋዎች ይለያያሉ። በሲ ቋንቋ ፕሮግራም አዘጋጁ የፋይሉን ስም ራሱ ይጽፋል። በጃቫ ግን የክፍሉ ሙሉ ስም ወደ ፎልደር አድራሻ ይለወጣል፤ በስሙ ውስጥ ያሉት ነጥቦች የፎልደር ደረጃዎችን ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ቃል የፋይሉ ስም ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉን ከፎልደሩ አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ስሙን እንደመቀየር ይቆጠራል። ኮምፓይለሩ ስምን የሚያስተያየው ፊደል በፊደል እንጂ በግምት አይደለም። በዊንዶውስ ላይ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ተቀያይሮ የተጻፈ የፋይል ስም ሊገኝ ይችላል፤ ያው ፕሮጀክት ወደ ሊኑክስ ሲዛወር ግን «አልተገኘም» ይባላል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ባይኖረውም የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ በጃቫም ሆነ በሦስተኛው ፓይተን አንድን ክፍል «ሐኪም» ብሎ መሰየም ይቻላል። ሌላው ሰው «ሀኪም» ብሎ ቢጠራው አንባቢ ልዩነቱን አልፎት ይሄዳል፤ ለኮምፓይለሩ ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የፍለጋ መንገድ ይባላል። የተለመዱት የሲ ኮምፓይለሮች በጥቅስ ምልክት የተጠራን ፋይል መጀመሪያ የሚፈልጉት ጠሪው ፋይል በሚገኝበት ፎልደር ነው፤ ቀጥሎ በትእዛዝ በተጨመሩት ፎልደሮች፣ በመጨረሻም በሥርዓቱ ፎልደሮች ይፈልጋሉ። ጃቫ የፎልደሮችና የታሸጉ ፋይሎች ዝርዝር ይሰጠውና ከፊት ወደ ኋላ ያያል። ፓይተን እንደተለመደው ሲሠራ ከሁሉ በፊት የሚያየው የተጠራው ፕሮግራም ያለበትን ፎልደር ነው። በሁሉም ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀድሞ የተገኘው ይወሰዳል፤ ከኋላ የተሻለ ቢኖርም አይታይም። የራሱን የልምምድ ፋይል የፓይተን መደበኛ ክፍል በሚጠራበት ስም የሰየመ ጀማሪ መደበኛው ክፍል «የጠፋበት» ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ፋይሉ ተገኘ ማለት ትክክለኛው ፋይል ተገኘ ማለት አይደለም። በሲ ቋንቋ የተለያዩትን ክፍሎች የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ሊንከር የሚባለው፣ በስም መመሳሰል ብቻ ያገናኛል፤ አንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር የሚጠብቅ ተግባርን ሌላው በሦስት ቁጥር ቢጠራው እንኳ በአብዛኛው አያስተውልም። የኒክላውስ ቪርት ሞጁላ-2 እና ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ ቋንቋዎች ይህን ለማረም ክፍሉ ለሌሎች የሚያሳየውን ገጽ ለብቻው አስጽፈው ያጠናቅራሉ፤ ጠሪውና ተጠሪው የተጠናቀሩት በአንድ ዓይነት ገጽ መሆኑንም ይመረምራሉ። ጃቫ በእያንዳንዱ የተጠናቀረ ፋይል ላይ የእትም ቁጥር ያስቀምጣል፤ የጃቫ 8 ቁጥር 52 ሲሆን የጃቫ 17 ደግሞ 61 ነው። በቤተ ሙከራ በጃቫ 17 የተጠናቀረ ክፍል በቤት ውስጥ ጃቫ 8 ባለው ላፕቶፕ ላይ ተቀባይነት የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር በቀን ላይ የተመሠረተው ምርመራ አብሮ ሊታይ ይገባል። ሜክ የተባለው የቆየ መሣሪያ ምንጩና የተጠናቀረው ፋይል የተሻሻሉበትን ጊዜ አስተያይቶ ምንጩ ከተጠናቀረው ፋይል አዲስ ካልሆነ ማጠናቀርን ይዘላል። የጃቫ ኮምፓይለርም የአንድ ክፍል ምንጭና የተጠናቀረ ፋይል አብረው ሲገኙ ካልተነገረው በቀር አዲሱን ይመርጣል። ይህ አሠራር ሰዓቱ ትክክል በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ጥሩ ነው። የሰዓት ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ዛሬ የታረመው ምንጭ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ይመስላል፤ መሣሪያውም አሮጌውን የተጠናቀረ ፋይል አዲስ ነው ብሎ ይወስዳል። ተማሪው ስሕተቱን አርሞ ሳለ ስሕተቱ እንዳለ ይቆያል። መፍትሔው ከቀን ይልቅ ይዘትን መመርመር ነው፤ ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ አሻራ ፋይሉ አንድ ፊደል ቢለወጥ ይለወጣል፤ ሰዓት ቢዛባ ግን አይዛባም። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 3.7 እትሙ ይህን አማራጭ ጨምሯል።

ኢንተርኔት በየት በኩል ገባ?

እስካሁን በተነገረው ውስጥ ኢንተርኔት አልተጠቀሰም፤ ያልተጠቀሰውም በፍለጋው ውስጥ ቦታ ስለሌለው ነው። የገባው በሌላ በር ነው። ክፍሎችን በመረብ መለዋወጥ ሲለመድ የጋራ ማከማቻዎች ተቋቋሙ፤ የፐርል ቋንቋ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ1995 ተከፈተ፤ በኋላ ለጃቫ የሜቨን ማዕከላዊ ማከማቻ፣ ለፓይተን ፓይፒአይ፣ ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም ተከተሉ። ፕሮግራም አዘጋጁ የሚፈልጋቸውን ክፍሎች ስምና እትም በአንድ ፋይል ይዘረዝራል፤ የግንባታ መሣሪያው ያወርዳቸዋል፤ አውርዶም ኮምፓይለሩ በሚያይበት ፎልደር ያስቀምጣቸዋል። ኮምፓይለሩ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እርሱ ዘንድ ፋይሉ ከካሊፎርኒያ ይምጣ ከጎረቤት ጠረጴዛ ለውጥ የለውም።

የአርጆው ምሳሌ ምሥጢርም እዚህ ላይ ይፈታል። ሜቨን ያወረዳቸውን ክፍሎች የሚያስቀምጠው በፕሮጀክቱ ፎልደር ሳይሆን በተጠቃሚው የግል ፎልደር ሥር፣ ከዕይታ በተሰወረ ስፍራ ነው። ተማሪው ፕሮጀክቱን ሲገለብጥ ያላየውን ሊገለብጥ አልቻለም፤ ስንቁን ነቀምቴ ቤተ ሙከራ ትቶ ባዶ አቁማዳ ተሸክሞ ሄደ። የጎደለው ኢንተርኔት ሳይሆን ዕውቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያንን ስውር ፎልደር አብሮ ቢገለብጥና ሜቨንን ያለ መረብ እንዲሠራ ቢያዘው ኖሮ ፕሮግራሙ አርጆም ላይ በተጠናቀረ ነበር።

ይህ ችግር መረብ በሚቋረጥባቸው አካባቢዎች ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ዓለም በተደጋጋሚ አይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራም አዘጋጅ 11 መስመር ብቻ ያላትን ሌፍት-ፓድ የተባለች ክፍል ከኤንፒኤም ማከማቻ በማንሣቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት ተስኗቸው ነበር። ጥር 6 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ወለጋ ከመረብ በተለየችባቸው በእነዚያው ሳምንታት፣ የሜቨን ማዕከላዊ ማከማቻ ባልተመሰጠረ አድራሻ የሚመጡ ጥያቄዎችን መቀበል አቆመ። ውሳኔው ለደኅንነት የተወሰደና ቀድሞ የተነገረ ቢሆንም በአሮጌው አድራሻ የተጻፉ የቆዩ ፕሮጀክቶች ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት አገርም ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ደግሞ የአንድሮይድ ፕሮጀክቶች ይመኩበት የነበረው ጄሴንተር አዳዲስ ክፍሎችን መቀበል እንደሚያቆም ተገለጸ። በዚያው ወር አንድ የደኅንነት ተመራማሪ የታላላቅ ኩባንያዎችን የውስጥ ክፍሎች ስም በሕዝብ ማከማቻ ላይ አስመዝግቦ፣ የግንባታ መሣሪያዎቻቸው የውስጡን ትተው የውጭውን እንደሚወስዱ አሳየ። ያ ድክመት ቀደም ሲል ከተነገረው የፍለጋ ቅደም ተከተል ጥያቄ የወጣ ነው፤ ሁለት ቦታ የሚገኝ ስም ከየትኛው ይወሰድ የሚለው በግልጽ ካልተወሰነ መሣሪያው ራሱ ይወስናል።

ምን ይደረግ?

ወለጋ የበቆሎና የቡና አገር ነው። ገበሬው ከክረምቱ በፊት ጎተራውን የሚያየው መንገዱ በጭቃ እንደሚዘጋ ስለሚያውቅ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ አይደነቅም። የሶፍትዌር ትምህርትም ከዚህ ልማድ ሊማር ይገባዋል። ለዚህም አራት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚደገፍባቸውን ክፍሎች በራሱ ፎልደር ይዞ ይቅረብ። መሣሪያዎቹ ይህን ይፈቅዳሉ። የጎ ቋንቋ የተጠሩትን ክፍሎች በሙሉ በፕሮጀክቱ ውስጥ ወዳለ አንድ ፎልደር የሚገለብጥ ትእዛዝ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 1.14 እትም ወዲህም የእትም መግለጫው የተሟላ ፕሮጀክት ይህ ፎልደር ካለው ወደ መረብ ሳይሄድ በእርሱ ይሠራል። የፓይተን ጫኚ መሣሪያ ክፍሎችን አውርዶ በፎልደር ማስቀመጥና ኋላ ከዚያ ፎልደር ብቻ መጫን ይችላል። ሜቨንም ማከማቻው በፕሮጀክቱ ውስጥ እንዲሆን ሊታዘዝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከክፍሎቹ ጋር የእያንዳንዱ ትክክለኛ እትምና የይዘት አሻራ ተመዝግቦ ይቀመጥ። «የቅርብ ጊዜው እትም ይሁን» ብሎ መተው ዛሬ የሚሠራውን ነገ እንዳይሠራ ማድረግ ነው። አሻራው ደግሞ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ፋይል አለመበላሸቱንና አለመነካቱን ያረጋግጣል፤ ፍላሽ ዲስክ ዋና መጓጓዣ በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ክፍሎች በካምፓስ ውስጥ የጋራ ማከማቻ ያቋቁሙ። በ1999 ዓ.ም. እንደተቋቋመው እንደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያለና ከነቀምቴ ውጭ በግምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ያሉት ተቋም በየካምፓሱ አንድ መለስተኛ ሰርቨር ቢኖረው፣ አንድ ጊዜ የወረደ ክፍል ለሁሉም ተማሪ ይዳረሳል፤ የውጭው መስመር ሲቋረጥም የካምፓሱ የውስጥ መረብ ይሠራል። የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትዎርክም ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገለግል ማከማቻ በአገር ውስጥ ለማስቀመጥ ተገቢው ቦታ ነው። ወጪው ያለው በዲስክ ላይ ነው፤ ትርፉ ግን መረብ በማይቋረጥበት ጊዜም በፍጥነት ይገኛል።

አራተኛውና ዋናው ነገር ምዘናው ነው። ፕሮጀክት በሚቀርብበት ዕለት ፈታኞች ምንም ክፍል ባልወረደበት ኮምፒዩተር ላይ የመረብ ገመዱን ነቅለው ፕሮግራሙን ከምንጩ ያስጠናቅሩ። ከተጠናቀረ ስንቁን ይዟል፤ ካልተጠናቀረ ተማሪው ምን እንደጎደለው በዚያው ያያል። ይህ ፈተና የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያስተምረው ግን በወረቀት ፈተና የማይገኝ ነው። በቤተ መጻሕፍት የሚቀመጠው የመመረቂያ ሥራም ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተማሪ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ይቆያል፤ አለዚያ የሚቀመጠው የፕሮግራሙ መታሰቢያ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ ደኅንነት ነው። በፎልደር ተይዞ የቆየ ክፍል ያረጃል፤ የተገኙበት ድክመቶችም ሳይታረሙ ይቆያሉ። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ክፍል ላይ የተገኘው ድክመት ብዙ ተቋማትን ያስጨነቀው ግን አሮጌ እትም በመያዛቸው ብቻ አልነበረም፤ በየትኛው ሥርዓታቸው ውስጥ የትኛው እትም እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ስለከበዳቸውም ነበር። የያዘውን በስም፣ በእትምና በአሻራ የመዘገበ ፕሮጀክት ቢያንስ ይህን ጥያቄ ወዲያው ይመልሳል። ስንቅ መያዝ ስንቁን አለማደስ ማለት አይደለም፤ መረብ ሲገኝ በታወቀ ጊዜ፣ ታስቦበትና ተፈትኖ ማደስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ መጠን ነው። የማሽን ትምህርት ላይብረሪዎች ግዙፍ ናቸው፤ ከዚህም በላይ የተጠናቀሩት ክፍሎች ለአንድ ሥርዓተ ክወናና ለአንድ የፓይተን እትም የተወሰኑ በመሆናቸው ለሁሉም ኮምፒዩተር የሚሆን አንድ ስንቅ ማዘጋጀት ያስቸግራል። ለእነዚህ ፕሮጀክቶች ክፍሎቹን በካምፓሱ ማከማቻ አስቀምጦ ከፕሮጀክቱ ጋር ዝርዝሩንና አሻራውን ብቻ ማቅረብ ይበቃል። ተማሪውም የሚደገፍበትን ክብደት በዓይኑ ሲያይ ለአንድ ትንሽ ተግባር ግዙፍ ላይብረሪ ከመጥራት ይቆጠብ ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጊዜ ይፈታዋል የሚል ነው፤ የመረብ አገልግሎት ሲሻሻል ጉዳዩ በራሱ ይቀራል ይባላል። አገልግሎቱ እንዲሻሻልና እንዳይቋረጥ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መቋረጥንም እንደ ተፈጥሮ አደጋ አለምዶ መቀበል አይገባም። ነገር ግን ሌፍት-ፓድ የተነሣችው መረብ ሞልቶ በተረፈበት ዓለም ነው። የሌላ ሰው ማከማቻ በሌላ ሰው ውሳኔ ይዘጋል፤ አድራሻው ይለወጣል፤ ክፍሉ ይነሣል። የመስመር ፍጥነት ይህን አይለውጠውም።

ማጠቃለያ

ኮምፓይለር የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ ትክክለኛ ስም፣ የታወቀ ፎልደር፣ የሚስማማ እትም። ከኤድሳክ የወረቀት ጥቅልል ጀምሮ እስከ ዛሬ ይህ ጥያቄ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መልሱን ለማን እንደምንተወው ነው። ዛሬ መልሱ በአብዛኛው ለሩቅ ሰርቨር ተትቷል፤ ተማሪውም ክፍሎቹ ከየት እንደሚመጡና የት እንደሚቀመጡ ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል። መረብ ባለበት ቀን ይህ አለማወቅ አይታይም፤ የሚታየው መረቡ በጠፋ ቀን ነው።

የወለጋ ሦስት ወራት ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ከነቀምቴ ተነሥቶ አርጆ የሚደርስ ፕሮጀክት እዚያም የሚጠናቀር ከሆነ በየትም ቦታ ይጠናቀራል። ዩኒቨርሲቲዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው መመዘኛም ይኸው ነው፤ ገመዱ ሲነቀል የማይቆም ሥራ።